በግራ በኩል ያለው ገመድ

ለልጆቼ አባት፤

እንደምን ሰነበትክ? ወገብህስ? ከመሰላል የወደቅህበት ጉልበትህ በዚህ ብርድ አላስቸገረህም? ይህን የምጠይቅህ ደብዳቤ ያለ ሰላምታ አይጀመርም ተብዬ ስላደግሁ እንጂ ዛሬ ጤናህን ለማወቅ ጓጉቼ አይደለም። እኔን ብትጠይቀኝ ደህና አይደለሁም። ተናድጃለሁ። ከተናደድኩ ዛሬ ዘጠኝ ቀኔ ነው፤ እያደር ይበርድልኛል ስል ጭራሽ ባሰብኝ።

ለምን አልደወልሽም እንዳትለኝ። እናትህ አስምለውኛል። እጄን መጽሐፍ ቅዱስ ላይ አስጭነው፣ "ስልክ እንዳትደውዪለት" አሉኝ። ስለ ደብዳቤ ያሉት ነገር ስለሌለ መሐላዬን አላፈረስኩም። ብደውልስ ምን ዋጋ አለው? ሁለት ቃል ሳልናገር "መሰላል ላይ ነኝ፣ ኋላ እደውላለሁ" ትላለህ። አንተ ዕድሜህን ሙሉ መሰላል ላይ ነህ። አሁን ግን ውረድና ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው አንብብ።

እናትህ ሆስፒታል ተኝተዋል። የጋራዡ በር እጃቸው ላይ ወደቀ። አዎ፣ ያው በር ነው፤ ባለፈው ዓመት በሰኔ፣ በነሐሴና በኅዳር እየመጣህ የጠገንከው።

የሆነው ያለፈው ሳምንት ማክሰኞ ነው። ከትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ወጥቼ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ቤት ደረስኩ። መኪናዬ ውስጥ እንደተቀመጥኩ የበሩን ሪሞት ተጫንኩ። በሩ በቀኝ በኩል አንድ ስንዝር ያህል ብድግ አለና ተንቀጥቅጦ ተመልሶ ተቀመጠ። ደግሜ ተጫንኩት። አሁንም ያው። ያን ጊዜ ያልሰደብኩህ ስድብ የለም። አንተን፣ ሙያህን፣ ሟቹን አባትህን ሳይቀር አነሳሁ፤ ነፍሳቸውን ይማረውና። "ደግሞ ገመዱ ወጣ" አልኩ። በፊት ለፊት በኩል እንዳልገባ የዚያ በር ደረጃ ላይ ያለው በረዶ ክረምቱን ሙሉ አልተጠረገም። እኛ ሰፈር በፊት ለፊት በር ማን ይገባል? ሰባኪና ለምርጫ የሚቀሰቅስ ነው። እስከ ጉልበቴ በረዶ ውስጥ እየሰጠምኩ ሄጄ ከፈትኩና በወጥ ቤት በኩል ወደ ጋራዡ ወጣሁ።

እናትህ በነጠላ ጫማና በቤት ልብስ ሲሚንቶው ላይ በጎናቸው ወድቀዋል። ግራ እጃቸው ከበሩ ጥግ ስር ነው። ሪሞቱን ሁለት ጊዜ መጫኔን ያሰብኩት እዚያ ቆሜ ነው። በሩ ያቺን ስንዝር ተነስቶ ተመልሶ የተቀመጠው የት ላይ እንደሆነ ገባህ? እኔ መኪና ውስጥ ሆኜ አንተን እረግማለሁ፣ በሩ እሳቸው ላይ ይቀመጣል። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለሐኪሞቹም ጭምር። አንተ ግን ታውቀው ዘንድ ጻፍኩት፤ ብቻዬን አልሸከመውም።

እሳቸው ታዲያ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? "መጣሽ? ምድጃውን አጥፊው ልጄ፣ ፓዩ እንዳያርር።" ከአንድ ሰዓት በላይ እዚያ ተኝተው ከንፈራቸው ጠቁሯል፣ የሚያስቡት ስለ ቼሪ ፓይ፣ ስለ ፍሬ ኬካቸው ነው። ፓዩማ ከሰል ሆኖ ነበር።

ሞላው በተወጠረ በር ላይ ብሎን አይነካም ያልከኝን አልረሳሁም። ከመኪናዬ ክሪክ አምጥቼ ጥጉን ከፍ አደረግሁና እጃቸውን አወጣሁ። አንጓቸው ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ሐኪሞቹ ሁለት ጣታቸውን ማትረፍ አልቻሉም፤ ትንሿንና የቀለበቷን ጣት። የአባትህን ቀለበት ነርሷ በዘይት አወለቀችና በፖስታ አድርጋ ሰጠችኝ፤ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። እጁ ይድናል አሉ። ያ ሁሉ ሰዓት ቀዝቃዛ ሲሚንቶ ላይ መተኛታቸው ግን ሳንባቸውን ጎዳው፤ ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ትኩሳቱ አልለቃቸው አለ።

ቅዳሜ ዕለት በሩን ለማሠራት ሌላ ሰው ጠራሁ። በሃያ ስድስት ዓመት ትዳርና በአራት ዓመት ፍቺ፣ በዚያ በር ላይ የሌላ ሰው መፍቻ ሲያርፍ የመጀመሪያው ነው። ዌንደል ይባላል፤ ጺሙ ቀይ፣ አነጋገሩ ዝግ ያለ፣ እኔንም "እትዬ" ይለኛል። የተበጠሰውን ገመድ ጫፍ ይዞ ብርሃን ላይ አገላበጠውና፣ "እትዬ፣ ይሄን ገመድ መጨረሻ ላይ የጠመጠመው ማነው?" አለኝ። ሠላሳ ዓመት በዚህ ሥራ የኖረ ሰው ነው አልኩት። "እንግዲያው ወይ ዓይኑ ታሟል፣ ወይ ሆን ብሎ ነው" አለኝ።

አሳየኝ። መኪናው በጎማው ይዞት የሚገባው የመንገድ ጨው ገመዱን ከታች በኩል በልቶታል። ከሽቦዎቹ ገሚሱ ድሮ የተበጠሱ ናቸው፤ ጫፋቸው በዝገት ጠቁሯል። አሁን ሲወድቅ የተበጠሱት ጥቂቶቹ ብቻ ያበራሉ። "በኅዳር ተጠግኖ ከነበረ በኅዳርም እንዲሁ ነበር፤ እኔ ብሆን ይሄን ገመድ መልሼ ለጠላቴ በር አልጠመጥምም" አለ።

ቀጥሎ ተንበረከከና ከበሩ ግርጌ ያለውን ላስቲክ ጠራረገው። በግራው ጥግ አራት ስርጉዶች፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው አሉ። በጥፍሩ ጫር ጫር ሲያደርገው የእንጨት ቅርፊት ወጣ። "እዚህ ጥግ ሰው ፍልጥ ያስቀምጣል" አለኝ። "በሩ ሲወርድ ፍልጡ ላይ ያርፋል፣ በዚህ በኩል ያለው ገመድ ይላላል፣ ከላይ ከመጠምጠሚያው ይወጣል። በሩ ይጣመማል፣ በሩ የሚሽከረከርበት ትንሽ ጎማ ከሐዲዱ ይወጣል። አንድ ጊዜ ቢሆን አጋጣሚ ነው እል ነበር። አራት ጊዜ ግን፣ እትዬ፣ ቤትዎ ውስጥ ሸረኛ አለ።" ይህን ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ፊቴ እሳት ሆነ፤ ጎንበስ ብዬ ያልጠፋ ብሎን መፈለግ ያዝኩ።

በዚያው ቀን ሆስፒታል ሄድኩ። ኮቴንም ሳላወልቅ አልጋቸው አጠገብ ቆሜ፣ "እናቴ፣ ፍልጡን እዚያ ያስቀመጡት እርስዎ ነዎት?" አልኳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ኮቴን አውልቄ ተቀመጥኩ። ኋላ፣ "ከስሩ ላወጣው ስል ነው የወደቀብኝ" አሉ። "ሲመጣ እንዳያየው።"

ለካ በሰኔም በኅዳርም እንዲሁ ነበር የሚያደርጉት። ፍልጡን ከግራው ጥግ ያስቀምጣሉ፣ በሩን የሚያወርደውን የግድግዳ ቁልፍ ይጫናሉ፣ ገመዱ ሲወጣ ፍልጡን አውጥተው ወደ እንጨቱ ክምር ይመልሱታል፣ ከዚያ እኔን "ያ በር ደግሞ ተበላሸ፣ በይ ደውዪለት" ይሉኛል። እኔ ሞኟ፣ በሰኔም በኅዳርም ከመደወሌ በፊት ለአንተ የሚጋግሩት ፓይ ምድጃ ውስጥ እንደነበር አላስተዋልኩም። እንደምትመጣ ያወቁት በሩ ሳይበላሽ ነበር ማለት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በአባትህ የበር መጠገኛ ሱቅ ስልክ ሲያነሱ የኖሩ ሴት ናቸው። "ገመዱ ተበጥሷል ወይስ ወጥቷል? ከታች ምን ነካው?" እያሉ የካውንቲውን በር ሁሉ በጆሯቸው ያውቁታል። የትኛው ብልሽት ዋጋው ትንሽ፣ ሥራው ደግሞ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ የሚፈጅ እንደሆነ ከአንተ ይልቅ እሳቸው ያውቃሉ።

እኔም ተቆጣሁ፤ አልዋሽህም፣ በታመመ ሰው ላይ ጮኽኩ። በሰማንያ አራት ዓመትዎ በር ይሰብራሉ ወይ፣ ልጅዎን ከፈለጉ ለምን አይጠሩትም አልኳቸው።

ያሉኝን ቃል በቃል እጽፍልሃለሁ። "ጠርቼውስ?" አሉ። "ለልደቴ ጠራሁት፣ ካርድ ላከ። ለምስጋና ቀን ጠራሁት፣ እዚህ መንደር አንዲት ሴት መኪናዋ ጋራዥ ውስጥ ታግቶባታል አለኝ። ዓይኔ ሲታከም ጠራሁት፣ ኋላ እደውላለሁ አለ። በር ተሰበረ ስትዪው ግን ሁለት ሰዓት ነድቶ ይደርሳል፣ አንድም ቀን አሳልፎ አያውቅም። እኔ ለበር የሚመጣ ልጅ ነው የወለድኩት። ምን ላድርግ ታዲያ፣ በር ሰበርኩለት።"

ሰማህ? "የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች" የሚባለው ለአንተ ነው የተተረተው። የዚህን አገር ሐዲድ ሁሉ ታቃናለህ፣ የእናትህን ደጅ ግን ካልተጣመመ አትረግጠውም። በኅዳር ስትመጣ ትዝ ይልሃል? እኔ ሐዲዱን ቅባት ቀብቼው ኖሮ ተቆጣኸኝ። "ሐዲድ ይጠረጋል እንጂ አይቀባም፤ ቅባት ቆሻሻ ይሰበስባል፤ ቅባት ለሞላውና ለማጠፊያው ነው" እያልክ ግማሽ ሰዓት ሰበክኸኝ። ልክ ነህ፣ አልቀባውም። ያን ሁሉ ስታወራ እናትህ ከበሩ እስከ አንተ ድረስ ወንበር ጎትተው መጥተው ተቀምጠው ነበር። ዓይንሽ እንዴት ሆነ አላልካቸውም። ፓዩን ቆመህ በልተህ፣ ሳህኑን የመኪናው ኮፈን ላይ አስቀምጠህ፣ "ሌላ በር ይጠብቀኛል" ብለህ ሄድክ። ሳህኑን ራሳቸው አጠቡት።

የተፋታነው እኔና አንተ ነን። ዳኛው ከእናትህ አላፋታህም። ዕቃ ስንከፋፈል ማንም ሳይጠይቃቸው ከእኔ ጋር ቀሩ፤ አንተም "እዚያ ይሻላቸዋል" ብለህ ተገላገልክ። ይሻላቸው ነበር፣ አላጎደልኩባቸውም። ልጅ መሆን ግን አልችልም። ደጄን የዘጋሁብህ ይመስል፣ ሥራ ከሌለህ በቀር የዚህን ቤት ደጅ መርገጥ ያሳፍርሃል። መቼ ነው አትምጣ ያልኩህ? እስኪ ቀኑን ንገረኝ።

ከዚህ በኋላ ስለ ቁጥሩ ልንገርህ፣ ከሌላ ሰው እንዳትሰማው። እናትህን፣ "አራት ጊዜ እንዲህ ሲያደርጉ አንድ ቀን እንደሚወድቅብዎት አላሰቡም?" አልኳቸው። "ሦስት ጊዜ ነው" አሉኝ። ጤነኛ እጃቸውን አውጥተው በጣት ቆጠሩልኝ፤ ሰኔ፣ ኅዳር፣ አሁን መጋቢት። ነሐሴስ አልኩ። "በነሐሴማ እህቴ ዘንድ ሁለት ሳምንት ሄጄ አልነበር እንዴ?" አሉ። እውነታቸውን ነው። በዚያ ሳምንት ቤት ውስጥ እኔ ብቻ ነበርኩ። አንተ መጥተህ ገመዱን መለስክ፣ ሙቀት ስለነበር በረንዳ ላይ ቋሊማና በቆሎ ጠብሼ በላን፤ እስኪመሽም ተቀምጠህ ስለ ልጆቹ አወራን። ይህን ሳስታውስ እናትህ ከአልጋው ሆነው ዓይን ዓይኔን አዩኝና ውኃ ስጪኝ አሉ። ሰጠኋቸው። ስለ ነሐሴ ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ አንተም እንዳትጠይቀኝ።

አሁን የማልምርህ ነገር ላይ ደረስኩ። ያ ገመድ። አንተ በጨለማ በጣትህ ዳስሰህ ስንት ሽቦ እንደተበጠሰ የምትናገር ሰው ነህ። መኪናህ ውስጥ አዲስ የገመድ ጥቅል ጠፍቶ አያውቅም። በኅዳር ያን በጨው የተበላ ገመድ በእጅህ ይዘህ፣ አይተህ፣ መልሰህ ጠመጠምከው። ለምን? ዓይንህ አልታመመም። ስንፍናም አታውቅ፤ ሰነፍ ብትሆን ኖሮ ትዳራችን በሥራህ አይፈርስም ነበር። እኔ ከቅዳሜ ጀምሮ ሳስብ አንድ ምክንያት ብቻ ነው ያገኘሁት፤ ክረምቱ ሳይወጣ መበላሸቱ አይቀርም፣ መልሰው ይጠሩኛል ብለህ እንደሆነ። እንዲያ ከሆነ አንተም ከእኛ አትሻልም። ግን እኛ ያስቀመጥነው ፍልጥ ነው፤ አንተ የምታውቀውን የተበላ ገመድ እናትህ በሚመላለሱበት በር ላይ ሰቀልክ። ምክንያቱን ከአንተ አፍ መስማት እፈልጋለሁ። በደብዳቤ አይደለም፤ ፊቴ ቆመህ ትነግረኛለህ።

እናትህ ያስማሉኝ ለዚህ ነው፤ ስለ ፍልጡ አፍረው እንዳይመስልህ። "ገመዱ አርጅቶ ነበር ካልሽው፣ ልጄ 'እኔ ነኝ እናቴን የጎዳኋት' ይላል፤ ዕድሜውን ሙሉ ይበላዋል። ከጠየቀሽ ደረጃ አዳልጧት ነው በዪው" አሉኝ። ሁለት ጣታቸውን አጥተው እንኳ የሚሳሱት ለአንተ ነው። እኔ ግን ለአንተ አልሳሳም፤ ይብላህ። እውነቱን አውቀህ ና፣ ወይም እውነቱን አውቀህ ቅር። ምነው ባወቅሁ ኖሮ ብለህ የምትጸጸትበት ቀን እንዲመጣ አልፈቅድም።

ዌንደል ሁለቱንም ገመድ ቀየረ፣ የተጣመመውን ሐዲድ አቃና፣ ያረጁትን ጎማዎች በሙሉ በአዲስ ተካ። በሩ አሁን በአንድ ጣት ይነሳል። ዐሥር ዓመት አይነካም ብሎኛል። ስለዚህ ካሁን በኋላ ለበር ብሎ የሚጠራህ የለም።

ትናንት ሐኪሟ ወደ ኮሪደሩ አወጣችኝና መድኃኒቱ እንደፈለጉት እንዳልሠራ ነገረችኝ። ቀጥላ፣ "ልጅ አላቸው?" ብላ ጠየቀችኝ። አንድ ልጅ አላቸው አልኳት። "እንግዲያው ለሳምንቱ መጨረሻ አታቆዩት" አለችኝ። ይህን በፈጣን ፖስታ የምልክልህ ለዚህ ነው። ስመለስ እናትህ ነቅተው ነበር፤ ምን አለችሽ አላሉኝም። ፀጉሬን አበጥሪልኝ አሉኝ፣ አበጠርኩላቸው።

ሦስተኛ ፎቅ ናቸው፣ በመስኮቱ በኩል ያለው አልጋ። ከጠዋት እስከ ማታ ያስገባሉ። መንገዱ ከድልድዩ ወዲህ ውርጭ ነው፤ ቀስ ብለህ ንዳ። ፈጣሪ መንገድህን ይጠብቅልህ፣ ክፉ አያግኝህ፤ ተናድጄብህም ቢሆን ይህን ከልቤ ነው የምለው። የመሣሪያ ሳጥንህን ከመኪናው አውርደህ እቤት ተወው። የሚጠገን ነገር የለም፤ እንዲሁ ና።

የእናትህ ምራት